የማይነካው የቱ ነው?

ዋኔታ በሰፈሩ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላውን አጥፋ ቅርጫቱ ውስጥ ስትከት ስልኳ ጮኸ። እጇ ባዶ ስላልነበር ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ "ሃሎ" አለች። የደወለችው ዮላንዳ ነበረች፤ የላትሪስ ታላቅ እህት። ላትሪስ በቅርቡ ልጇ ጃርቪስ ተገድሎባታል።

"እትዬ ዋኔታ፣ አንድ ግራጫ ሹራብ፣ ባለ ኮፍያ፣ ከልብሱ ጋር ተደባልቆ መጥቶ ይሆን?"

ዋኔታ ዘወር ብላ ማድረቂያውን አየች። በክቡ መስታወት ውስጥ ፎጣውም ካልሲውም ይገለባበጣል። አንድ ግራጫ እጅጌ ወደ ላይ ወጣ፣ መስታወቱን ታክኮ ወረደ፣ እንደገና ወጣ።

"አለ። እየደረቀ ነው።"

ዮላንዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ታጠበ ማለት ነው?" አለች።

"ሁሉንም ይውሰዱ ብለሽኝ የለ እንዴ?"

"ብያለሁ። የጃርቪስ መሆኑን አላየሁም። ከአንሶላው ጋር ጠቅልዬ ነው የሰጠሁዎት። ላትሪስ ከትራስ ሥር ነበር የምታስቀምጠው። ሽታው እንዳይጠፋ ብላ መስኮት እንኳ አታስከፍተንም። አሁን ተነስታ ቤቱን እያተራመሰችው ነው።"

ዋኔታ ማሽኑን አቁማ በሩን ከፈተች። ሹራቡ ገና ትኩስ ነው። ደረቱ ላይ ጃርቪስ ይሠራበት የነበረው የጎማ መሸጫ ስም በነጭ ተጽፎበታል። ፊቷ ላይ ደፍናው አየር ሳበች። የሸተታት የሳሙናና የልብስ ማለስለሻው የአበባ ሽታ ነው። አንገትጌውን ገልብጣ አሸተተች፤ ብብቱን፣ የኮፍያውን ውስጥ አሸተተች። ሁሉም ቦታ አበባ ነው። አጠገቧ ልብስ የምታጥፍ ሴት፣ ይቺ ደግሞ ምን ሆነች በሚል ዓይን አየቻትና ወደ ራሷ ካልሲዎች ተመለሰች።

"እትዬ ዋኔታ፣ አሉ?"

"አለሁ። ይዤው እመጣለሁ።"

"ቀጥታ ወደ ላይ እንዳይወጡ። መጀመሪያ ደረጃው ላይ እንገናኝ። አንድ ነገር አስቤያለሁ" አለች ዮላንዳና ዘጋችው።

ዋኔታ ይህን ሥራ የጀመረችው ማንም ሳያዛት ነው። እዚህ አሜሪካ፣ በሰሜን ሴንት ሉዊስ፣ ሰው በጥይት ሲሞት ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቀዋል። መጀመሪያ ፖሊስ ይመጣል፣ ቀጥሎ ካሜራ፣ ቀጥሎ ምግብ። ፓስታው በትሪ፣ የተጠበሰው ዶሮ በካርቶን ይጎርፋል። የሟቹ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ይታተማል፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይለብሰዋል፣ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቀቃል፣ ይቀበራል። ከቀብር ማግስት ጀምሮ ቤቱ ጭር ይላል። የዋኔታና የጓደኞቿ ተራ የሚደርሰው ያኔ ነው። ገንዘብ አይሰጡም። የሚሰጡት ገንዘብ ቢኖራቸው ዋኔታም በዚህ ዕድሜዋ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብታ ድስት ባልፈተገች። የሚሰጡት ጉልበታቸውን ነው። ኧርነስቲን ስልክ ትይዛለች፤ ጋዜጠኛውንም፣ የኢንሹራንስ ሰውዬውንም፣ ለማልቀስ ብቻ የሚደውለውን ዘመድም እሷ ታነጋግራለች። አንዷ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ አንዷ የልጃገረዶቹን ፀጉር ትሠራለች። ዋኔታ ልብስ ታጥባለች። ሐዘንተኛን ባይፈልግም ያበሉታል፤ የቆሸሸ ልብስ ግን ማንም ትዝ አይለውም። ክምሩ በየጥጉ ያድጋል፣ ከዚያ የልጁ ሸሚዝ ከእናትየዋ ካልሲ ሥር ይገኛል፣ ከዚያ በቤቱ እንደ አዲስ ይለቀሳል።

ሥራው የራሱ ደንብ አለው። ፎቶ ያለበት ቲሸርት ተገልብጦ በቀዝቃዛ ይታጠባል፤ ሙቀት ካገኘው የልጁ ፊት ይሰነጣጠቃል። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ጥያቄው ነው። ዋኔታ ሰው ቤት ገብታ አንድ ነገር ላይ እጇን ከማሳረፏ በፊት እናትየዋ ፊት ቁጭ ብላ "የማይነካው የቱ ነው?" ብላ ትጠይቃለች። አንዷ ያልታጠበ ሳህን ታሳያታለች፣ አንዷ ሶፋው ላይ የተጣለ ጃኬት፣ አንዷ ደግሞ ምንም የለም ብላ በማግስቱ ደውላ አለ ትላለች። ጥያቄውን ያወጣችው ዋኔታ ራሷ ናት። የራሷ ልጅ ሮድኒ የተገደለ ጊዜ ጎረቤቶቿ ደጎች ነበሩ። አስከሬን ልትለይ ሄዳ ስትመለስ ቤቷ ጠድቶ፣ ወለሉ ተወልውሎ ጠበቃት። ሮድኒ ጠዋት ቡና የጠጣበት ኩባያም ታጥቦ ተደፍቷል። አመሰግናለሁ አለቻቸው። ሌላ ምን ትበላቸው? ያን ኩባያ ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ትናንት ይህን ጥያቄ አልጠየቀችም።

ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ወጥታ ቀጥታ ነበር ላትሪስ ቤት የሄደችው። ጉልበቷ አብጧል፣ መኪናዋን መንገድ ዘግታ ነው ያቆመችው። ላትሪስ በኪኒን ኃይል ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ዮላንዳ የጠቀለለችውን ክምር እያቀበለቻት እንዳይቀሰቅሷት ለመነቻት፤ ስንት ጊዜዋ ነው ሳትተኛ፣ ሁሉንም ይውሰዱት አለች። መታጠቢያ ቤቱ ጥግ አፉ የታሰረ ጥቁር ፌስታል ነበር፤ ዋኔታ እጇን ስትዘረጋ ዮላንዳ፣ እሱ ቆሻሻ ነው፣ እኔ እጥለዋለሁ ብላ ከለከለቻት። ዋኔታም ክምሩን ብቻ ይዛ ወረደች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። የምታለቅስ እናት ፊት ሳትቀመጥ መሄድ ቀሏት ነበር።

ለነገሩ ዋኔታ ልታቆም ነው። የዛሬው የመጨረሻዋ መሆኑን ለኧርነስቲን ነግራታለች፤ ቅርጫቶቹንና የሳሙናውን ሣጥን ዛሬ ማታ መጥታ እንድትረከባት ተስማምተዋል። ኧርነስቲን ግን በቀላሉ አልለቀቀቻትም ነበር።

"ሁላችንም እኮ ደክሞናል፣ ዋኔታ።"

"የናንተን አላውቅም። የኔን ነው የነገርኩሽ።"

"ይቺን ላትሪስን ግን ትጨርሻታለሽ አይደል?"

"እሷን እጨርሳለሁ" ብላ ነበር ዋኔታ። አሁን በእርግጥም ጨረሰቻት።

የቀረውን ልብስ አጥፋ መኪናዋ ላይ ጫነች። ሹራቡን ግን ለብቻው አጠገቧ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። መጋቢት ነው፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ላትሪስ ቤት ጋ ስትደርስ ማዕዘኑ ላይ ያለው የመብራት ምሰሶ አሁንም በአሻንጉሊት ድቦችና በአርቲፊሻል አበባ ተከቧል። ዝናብ ስለመታቸው ድቦቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጃርቪስ የሞተው እዚያ ነው። ከሥራ ተመልሶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ለእናቱ ወተት ሊገዛ ወደ ሱቁ ሲሻገር የሌሎች ሰዎች ጠብ አገኘው። ጥይቱ ለእሱ የታሰበ አልነበረም ተብሏል። ይህን የሚሉት ሰዎች ለማጽናናት ነው የሚሉት፤ ዋኔታ ግን ምኑ እንደሚያጽናና ገብቷት አያውቅም። ላትሪስ የተኩሱን ድምፅ ሰምታ ከላይ በቢጃማዋና በቤት ጋዋኗ ሮጣ ወረደች፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ልጇን አስፋልት ላይ አቅፋ ቆየች።

ዮላንዳ እንደተባባሉት ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። የእህቷን ልጅ ፎቶ ያለበትን ቲሸርት ለብሳለች፤ ጃርቪስ ደረቷ ላይ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። በአንድ እጇ ሰማያዊ የሽቶ ጠርሙስ፣ በሌላው የፀጉር ቅባት ይዛለች።

"የራሱ ነው። ሁለቱንም ከመሳቢያው ነው ያወጣሁት" አለች በሹክሹክታ። "ትንሽ ትንሽ እናደርግበትና ከአልጋው ኋላ ወድቆ አገኘሁት እላታለሁ።"

"ታውቃለች፣ ዮላንዳ።"

"ምን ታውቃለች? አፍንጫዋ በልቅሶ እንደተደፈነ ነው።" ዮላንዳ ከንፈሯን ነከሰች። "እትዬ ዋኔታ፣ ጠቅልዬ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ያን ፌስታል የጣልኩባት ጊዜ እንኳ ቀኑን ሙሉ ዘጋችኝ። ይሄንን ካወቀችማ ዕድሜ ልኳን አታናግረኝም። ያለችኝ እኮ እሷ ብቻ ናት።"

ዋኔታ እምቢ ማለት ነበረባት። እምቢ ማለት ግን ጉልበት ይጠይቃል፣ ያለቀባት ደግሞ እሱ ነው። የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። ዮላንዳ ሹራቡን ወስዳ ደረቱ ላይ ሽቶ ረጨች፣ ጣቷን ቅባቱ ውስጥ ነክራ አንገትጌውንና ኮፍያውን ቀባች፣ ከዚያ ቆዳ እንደምታለፋ ሁሉ ጨመዳድዳ አሸችው። ደረጃው ሁሉ ጸጉሩን ተቆርጦ ሊዝናና የሚወጣ ጎረምሳ ሸተተ። ዋኔታ ቅርጫቷን ተሸክማ ተከተለቻት።

ላትሪስ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ቤቱ ተተራምሷል፤ የሶፋው ትራሶች ወለል ላይ ናቸው፣ የጫማ ሣጥኖች ተከፍተዋል። ላትሪስ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፣ ስንቱን ሽማግሌ ከአልጋ አንስታ የምታስቀምጥ ጠንካራ ሴት ነበረች። አሁን እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ሲታዩ የሌላ ሰው እጅ የተቀመጠ ይመስላል። ዮላንዳ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ይኸውልሽ፣ ከአልጋው ኋላ ወድቆ አገኘሁልሽ" አለች።

ላትሪስ ሹራቡን በሁለት እጇ ተቀብላ ፊቷን ቀበረችበት። ብዙ ቆየች። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። ዮላንዳ ማቀዝቀዣው ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ዋኔታም ለአፍታ አለቀ፣ ተገላገልኩ ብላ አሰበች። ወዲያው በዚህ ሐሳቧ አፈረች፣ ፊቷ ድረስ የሚሞቅ እፍረት።

ላትሪስ ፊቷን ቀና አደረገች።

"ይሄ የቅዳሜ ሽቶው ነው።"

ሹራቡን ከፊቷ አራቅ አደረገችው።

"ለሥራ ሲሄድ አይቀባውም ነበር። አለቃው፣ ጎማ ለሚፈታ ሰው ሽቶ ምን ያደርጋል እያለ ይስቅበት ስለነበር።"

"ምናልባት አንድ ቀን እንኳ ተቀብቶት…" ብላ ዮላንዳ ጀመረች።

"ዮላ፣ ዝም በይ።" ላትሪስ ዓይኗን ዋኔታ ላይ ጣለች። "ታጥቧል?"

ዮላንዳ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ሆና ዋኔታን ታያታለች። ዓይኗ ይለምናል። ዋኔታ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"አጥቤዋለሁ" አለች። "እኔ ነኝ። ሰው ቤት ስገባ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፣ አንቺን አልጠየቅኩሽም። ተኝተሽ ነበር። እስክትነሺ መጠበቅ ነበረብኝ። ደክሞኝ ስለነበር ይዤ ሄድኩ።"

"ሽቶውስ?"

"እሱም ሲረጭ እያየሁ ዝም ብያለሁ።"

ዮላንዳ እዚያው ሆና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፣ የሱ መሆኑን አላየሁም እያለች። ላትሪስ ወደ እሷ አልዞረችም። ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጅጌዎቹን አስተካከለች።

"ሰው ሁሉ እየመጣ አንድ አንድ ነገር ይወስዳል" አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። "ፖሊስ ጫማውን ወሰደ። ስልኩን ወሰደ። ለብሶት የሞተውን ልብስ ወሰደ፤ ማስረጃ ነው አሉኝ፣ መቼ እንደሚመልሱልኝ አይነግሩኝም። ይቺ አንዷ ቀርታኝ ነበር። እርስዎ ደግሞ ሊረዱኝ መጥተው ወሰዷት።"

"አዎ።"

"አዎ ብቻ?"

"ምን ልበልሽ፣ ልጄ? ይቅርታ ልልሽ እችላለሁ። ይቅርታዬ ግን ሽታውን አይመልስልሽም።"

"ይሂዱልኝ።"

ዋኔታ ካፖርቷን አላወለቀችም ነበር፤ ቁልፎቹን ብቻ ከላይ ጀምራ መቆለፍ ያዘች። አልተቆጣችም። ላትሪስ ልክ ናት፤ ዋኔታ ይህን ሥራ በጊዜ ማቆም ነበረባት። ማታ ለኧርነስቲን ቅርጫቶቹን ታስረክባለች፤ ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ቴሌቪዥን ታያለች። ቤቷ ያለው መሳቢያ በሞቱ ልጆች ቲሸርት ተሞልቶ አልዘጋ ካለ ቆይቷል። አንዱንም መጣል አትችልም፣ አንዱንም መልበስ አትችልም። ቢያንስ ሌላ አይጨመርበትም።

በሩ ጋ ስትደርስ ላትሪስ ከኋላዋ ተናገረች።

"የእርስዎ ልጅ ሽታው ምን ዓይነት ነበር?"

ዋኔታ ዞረች። ጥያቄው ለመጉዳት ይሁን ለማወቅ አልገባትም።

"አላስታውሰውም" አለች። "ጃኬቱን ፌስታል ውስጥ አስሬ አስቀምጬ ነበር። እንዳይበተን እየሰሰትኩ፣ ሲብስብኝ ብቻ ትንሽ ከፈት አድርጌ አሸተው ነበር። አንድ ቀን ስከፍተው የሚሸተው ፌስታሉ ብቻ ሆነ። ማንም አላጠበውም። በራሱ ጊዜ ሄደ።"

"ይሄን የነገሩኝ እንዳዝንልዎት ነው?"

"ስለጠየቅሽኝ ነው።"

ላትሪስ ዓይኗን ወደ ሹራቡ መለሰች። ዮላንዳ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ታች አንድ መኪና ሙዚቃውን እያንቧረቀ አልፎ ሄደ።

"የጃርቪስስ?" አለች ዋኔታ።

ላትሪስ የሹራቡን እጅጌ እየዳሰሰች ጀመረች።

"ጎማ ይሸታል። አዲስ ጎማ፣ ያ ራስ የሚያዞረው ሽታ። እጁን በዚያ የመካኒክ ሳሙና ነበር የሚታጠበው፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚለው። አይለቅለትም፣ ጎማና ብርቱካን ሆኖ ይቀራል። ደግሞ ያ ቀዩ የቀረፋ ከረሜላ። አፉ ሁልጊዜ እሱን እንደጎረሰ ነው። በሲጋራው ፋንታ ነበር፣ ሲጋራ አቁሜያለሁ ይለኝ ነበር።"

"አላቆመም ነበር" አለች ዮላንዳ ከእንባዋ መሀል።

"አላቆመም። አውቃለሁ እኮ። ከከረሜላው ሽታ ሥር ሲጋራው አለ።" ላትሪስ ፊት ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣና ጠፋ። "ማጅራቱ ላይ ደግሞ የሕፃን ሽታ ነበረው። ሰው ይስቅብኛል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ግን ማጅራቱ ልክ እንደተወለደ ጊዜ ነበር የሚሸተኝ። ሶፋ ላይ ሲተኛ ሄጄ አሸተዋለሁ፣ ሲነቃ 'እማ፣ ደግሞ ጀመርሽ' ይለኛል።"

ላትሪስ የተናገረችውን ሁሉ ዋኔታ በልቧ ደገመችው፤ ጎማ፣ ብርቱካን፣ ቀረፋ፣ ሲጋራ። ስለ ሮድኒ ያን ጊዜ የጠየቃት ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ትል እንደነበር አታውቅም። ማንም አልጠየቃትም።

ላትሪስ ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። ስትመለስ ጥቁሩን ፌስታል በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛው ነበር።

"ላትሪስ፣ እባክሽ" አለች ዮላንዳ።

"የዚያን ቀን ለብሼው የነበረው ጋዋን ነው" አለች ላትሪስ ለዋኔታ። ምን እንደነካው መናገር አላስፈለጋትም። "ዮላንዳ ለኔ ብላ ሁለቴ ጣለችው። ሁለቴም ወርጄ ከቆሻሻው ገንዳ አወጣሁት። መልበስ አልችልም፣ መጣልም አልችልም፣ ከፍቼም አላየሁትም። እዚያ ጥግ ተቀምጦ ያየኛል። ሽንት ቤት ለመግባት እንኳ ፈራሁ፣ በገዛ ቤቴ።"

የዋኔታ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ኧርነስቲን ናት፤ ቅርጫቶቹን ለመረከብ መነሳቷን ልትነግራት ነው። ዋኔታ ስልኩን አውጥታ አየችው፣ ሳታነሳው አጥፍታ መልሳ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ የቆለፈቻቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ ካፖርቷን በሩ ላይ ሰቀለች። ወደ ላትሪስ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች። እጆቿን አልዘረጋችም።

"ልንካው?" አለች።

ላትሪስ አሰበችበት።

"አይንኩት። እኔ ነኝ የማጥበው። ያኛው እኔ ሳላይ ሄደ፤ ይሄኛው በእጄ ይሂድ። ግን ብቻዬን አልችልም። እርስዎ ውሃውን ይክፈቱልኝ።"

"እኔስ?" አለች ዮላንዳ። አሁንም ማቀዝቀዣው ጋ ቆማ ነበር።

ላትሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት። "አንቺ መስኮቱን ክፈቺ" አለቻት። "ቤቱ ታፍኗል።"

ዋኔታ ቀድማ መታጠቢያ ቤት ገባች። ከቅርጫቱ ያነሳችውን ንጹሕ ፎጣ አጥፋ ከመታጠቢያ ገንዳው ሥር አነጠፈች፣ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ባበጠው ጉልበቷ ቀስ ብላ ተንበረከከች። አመማት። ላትሪስ አጠገቧ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ። ከወጥ ቤቱ ዮላንዳ መስኮቱን ስትታገለው ይሰማል፤ ከተዘጋ ስለቆየ አልከፈት ብሏታል። ዋኔታ የቀዝቃዛውን ውሃ ቧንቧ ከፈተች። እጆቿን ሰብስባ፣ ላትሪስ ቋጠሮውን እስክትፈታ ጠበቀች።